ሰደርያውን ያወለቀ ዕለት

ስልኬ ሲጮህ የጭነት መረብ እየጠገንኩ ነበር። ቁጥሩን አየሁት፤ የነፍስ አድን ማዕከሉ ነው። ያንን ቁጥር ስልኬ ላይ «ደግሞ መጣ» ብዬ ነው የመዘገብኩት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እመቤቴ። እርስዎ ተጠሪ ሆነው ከተመዘገቡበት መሣሪያ የአደጋ ምልክት ደርሶናል። ባለቤትዎ አሁን የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

«ባለቤቴ አይደለም። ከተፋታን ስንት ዘመናችን! ይህን ለእናንተ ስንት ጊዜ ልንገር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መዝገቡ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። ማስቀየር የሚችሉት የመሣሪያው ባለቤት ብቻ ናቸው።»

ይህን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። የቀድሞ ባሌ የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ መኪና የማይደርስበት ሁሉ እየገባ መድኃኒት፣ ናፍጣ፣ የታመመ ሰው፣ አንዳንዴም ፍየል ያመላልሳል። ቅጽል ስሙ «እደርሳለሁ» ነው። ደመና ቢዘጋበትም፣ ነዳጅ ቢያንሰውም፣ ሰው ቢቀጥርም፣ ከአፉ የሚወጣው ያችው ቃል ናት። ከመቀመጫው ጎን የታሰረች ቢጫ መሣሪያ አለችው፤ አብራሪዎቹ «ጯሂዋ» ይሏታል። የቸገረው ሰው ቁልፏን ሲጫን ወደ ሰማይ ትጮሃለች፣ ማዕከሉ ይሰማና ተጠሪው ጋ ይደውላል። ስንጋባ ተጠሪዋ እኔ ሆንኩ። ስንፋታ ቤቱን ተካፈልን፣ ድስትና ብርጭቆውን ተካፈልን፤ ጯሂዋ ላይ ግን ስሜ እንዳለ ቀረ። «ሰርዘኝ» ባልኩት ቁጥር «እሺ፣ እሰርዝሻለሁ» ይላል። አንዴ ጓደኛው ሲቀልድ ነካካት፤ ተደወለልኝ። አንዴ ሲያጸዳት ከእጁ ወድቃ ጮኸች፤ ተደወለልኝ። ነፍሴ ወጥታ ስፈልገው መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ካርታ ሲጫወት አገኘሁት። «መጣሽ?» ነው ያለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«እሺ፣ ቦታውን ንገሩኛ» አልኩት ሰውየውን።

«ቦታ አልሰጠችንም። የድሮ ዓይነት ናት፤ የማን እንደሆነች ብቻ ተናግራ ድምፅዋ ጠፋ። ቦታ ለማወቅ ረዘም አድርጋ መጮህ ነበረባት። ባትሪዋ ሳይደክም አይቀርም።»

ባትሪዋን ጊዜው ሲደርስ ወስጄ የማስቀይረው እኔ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ ያስቀየረላት የለም ማለት ነው። መርፌውን መረቡ ላይ እንደተሰካ ትቼ ሱቄን ዘጋሁ።

ሱቄ ከአየር ማረፊያው አጥር ጥግ ናት። ሸራ ሰፊ ነኝ፤ የመቀመጫ ልብስ፣ የጭነት መረብ፣ የሞተር ሽፋን እሰፋለሁ። የምታወቀው ግን በሰደርያ ነው። እዚህ የሚበር ሁሉ የእኔን ሰደርያ ይለብሳል፤ ብርቱካንማ፣ ኪሳም፣ አስቀያሚ። በአንዱ ኪስ መስታወትና ፊሽካ፣ በሌላው ላይተርና በሰም የተነከረ ጥጥ፣ ከዚያ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ የቁስል መድኃኒት፣ ውሃ የሚያክም ክኒን፣ ታጥፎ መዳፍ የሚያህል የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ። ድንኳንና ምግብ የያዘው ትልቁ ቦርሳ ከኋላ ከጭነቱ ጋር ይታሰራል። ጥሩ ቦርሳ ነው፤ እኔም እሰፋዋለሁ። አውሮፕላን ሲወድቅ ግን ወይ ይቃጠላል ወይ ይሰምጣል፣ ሰው ይዞ የሚወጣው ገላው ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው፦ ላይህ ላይ ከሌለ፣ የለህም። አዲስ አብራሪ ሰደርያ ሊያሠራ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እጁ ኪሶቹን ሁሉ ካልከፈተልኝ አልሰጠውም። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ባሌም ይስቅ ነበር፣ ግን ይለብስ ነበር። አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የማይለብሰው። ያ አንዳንድ ቀን የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ራሱ ሰደርያው ነው። የማጥበው እኔ ነበርኩ። ከበረራ ሲመለስ በላብ ርሶ፣ ጨው አውጥቶ፣ ብቻውን የሚቆም ይመስላል። አንዳንዴ ግን ደርቆ፣ እንደታጠፈ፣ ሽቶ ሽቶ እያለ ይመጣል። ቀኖቹን አንድ ላይ ሳስባቸው ነገሩ ወለል አለልኝ። የበረራ ዕቅዱ ላይ «ወንዙን ይዤ ቀጥታ እመለሳለሁ» ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ ረግረጉን አቋርጦ ሐይቁ ዳር ካለው ክሊኒክ ሜዳ ላይ ያርፋል። እዚያ አንዲት ነርስ ነበረች። የሚወዳት ሴት ፊት በብርቱካንማ ሰደርያ መውረድ አልሆንለት ብሎ፣ ገና አየር ላይ ሳለ አውልቆ ከመቀመጫው ጀርባ ይሰቅለዋል። የእኔን ትዳር ያፈረሰው የላብ እጦት ነው። ቆንጆ አድርጌ ብሰፋው ኖሮ ባላወለቀው ነበር እያልኩ ስንት ቀን እንደተብሰለሰልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኋላ ነርሷን አገባት፣ ከሐይቁ አምጥቶ ከተማ አስገባት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

የበረራ ክፍሉ ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋን የሞላ ካርታ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ማንም የማይሰማው ሬዲዮ። ኃላፊው ስልክ ይዞ ቆሟል። ነርሷ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋም ደወሉ?» አለችኝ።

«እትዬ አትበይኝ። እኔ ጋ ብቻ ነው የሚደወለው፣ አታውቂም?»

አታውቅም ነበር። ፊቷ ልውጥ አለ። ይህን በዚያ መንገድ መስማት አልነበረባትም፤ ግን አፌ አያርፍም።

ኃላፊው የሆነውን ነገረኝ። እደርሳለሁ በጠዋት ወደ ማዕድን ካምፑ ናፍጣ አድርሶ ባዶውን ተነስቷል። ዕቅዱ ወንዙን ይዞ መመለስ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍበት ሌላ አውሮፕላን ወንዙን ከላይ እስከ ታች በርሮበት ምንም አላየም። ካምፑ ካለበት እስከዚህ ያለው አገር ሁሉ ጫካና ውሃ ነው።

«የአውሮፕላኑ የራሱ ጯሂስ?» አልኩት።

«ለጥገና ወጥቷል።»

«መቼ ነው የወጣው?»

«ቆየት ብሏል።» ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። «ሄሊኮፕተር አግኝተናል። ችግሩ ሩቅ ስለሆነ አንዴ ነው የሚሄደው፤ ነዳጁ ለሁለተኛ ፍለጋ አይበቃም። ደመናውም ዝቅ ብሏል። እና ጥቂት ቀን ጠብቀን፣ አየሩ ሲጠራ ወንዙን ደግመን በደንብ እንይ ነው የምለው። ሌላ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር። እሱ ግን ሰደርያ አለው፣ መድኃኒት አለው፣ ውሃ ማከሚያ አለው። ሳምንትም ቢሆን ይቆያል። አንቺው አይደለሽ የሰፋሽለት?»

ሊያጽናናኝ ነው ያለው። እኔን ግን ያኔ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ወደ ነርሷ ዞርኩ።

«ጠዋት ሲወጣ ተላጭቶ ነበር?»

«ምን?»

«ጺሙን። ተላጭቶ ነበር ወይ?»

«... አዎ።»

«ምን ነበር የለበሰው?»

«ነጩን ሸሚዝ።»

«ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የናፍጣ በርሜል ሊያወርድ! ሽቶስ?»

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ኃላፊው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «እህቴ፣ እባክሽ፤ የቤት ጣጣችሁን ሌላ ቀን...»

«አንተ ደግሞ ቆይ! ይህ ሰው ሰደርያውን አልለበሰም። ሳምንት አይደለም፣ ነገን አያድርም እያልኩህ ነው። ያለበትም ወንዙ ጋ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

ልመልስላት ስል አሳዘነችኝ። እውነቴን ነው። ለዚህች ቀን ስንት ጊዜ ተዘጋጅቻለሁ፤ አንድ ቀን እንዲህ አፍጥጬ እነግራታለሁ ብዬ ቃላቱን ሁሉ ደርድሬ አስቀምጬ ነበር። አሁን አንዱም አልመጣ አለኝ።

«አንቺ ሐይቁ ጋ ሳለሽ፣» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «አንቺን ሊያይ ሲመጣ ሰደርያውን ለብሶ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አሰበች። «ሰደርያውን ያየሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። እዚያ ሳለሁ አንድም ቀን...» ብላ አቋረጠች።

ማራገቢያው ይንቋቋል። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ያ እኔን ከዓመታት በፊት ልብስ ማጠቢያው ጋ የገባኝ ነገር፣ እሷን እዚያው ቆማ ሲገባት አየሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ካርታው ሄደች። ጣቷን ከካምፑ አነሳችና ወንዙን ትታ፣ ረግረጉን በሰያፍ አቋርጣ፣ ሐይቁ ዳር አቆመችው።

«በዚህ ነበር የሚመጣው» አለች። «በዕቅዱ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አላውቅም። እኔ ጋ ግን በዚህ ነው የሚመጣው። ሞተሩን ከረግረጉ በኩል ስሰማ ሻይ እጥድ ነበር።»

«አሁን እዚያ ማን አለ?»

«እኔን የተካችው ልጅ። እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት። መርፌ መውጋት ስትፈራ እጇን ይዤ ያስተማርኳት።»

ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።

«ሄሎ፣ እህትዬ! እንዴት ነሽ?» አለች ከወዲያ ያለችው ልጅ፣ ፍልቅልቅ ብላ።

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ባለቤቴ ዛሬ ሊመጣ ነበር?»

ከወዲያ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«አልቆጣሽም። ወድቋል። የት እንደወደቀ አናውቅም። ካልነገርሽኝ ይሞታል።»

«ውይ! ወደቀ?» ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ጠዋት ነበር የሚመጣው... ሞተሩን ሰምቼ ነበር። ከረግረጉ በኩል። ከዚያ ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ አለና ጠፋ። የተመለሰ መስሎኝ... ተናድጄ ገባሁ።»

ነርሷ «እሺ» ብላ ዘጋች። ሌላ ምንም አላለቻትም። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ዚፑን በጥንቃቄ ዘጋችው።

ኃላፊው ላብ በላብ ሆኗል። «ያልተፈቀደ ቦታ ሊያርፍ ነበር ብዬ ለሄሊኮፕተሩ ሰዎች ከተናገርኩ፣ ዕቅዱ ውሸት መሆኑ ይመዘገባል። ፈቃዱን ይነጠቃል። የእንጀራው ነገር ነው።»

«ፈቃዱን ሬሳው ደረት ላይ ትለጥፍለታለህ?» አልኩት። «ደውል!»

ደወለ።

በማግስቱ ደመናው ቀዳዳ ሲሰጥ ሄሊኮፕተሩ ቀጥታ ወደ ረግረጉ ሄደ፤ ብዙም ሳይፈልጉ አገኙት። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሆዱ ብቻ ከውሃው በላይ ቀርቷል፤ እሱ እዚያ ላይ ተጋድሟል። እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶት ወጥቷል። ቁስሉ በረግረጉ ውሃ መመርቀዝ ጀምሯል፣ ውሃ ሲጠማው ያንኑ ጠጥቷል፣ ፊቱን ትንኝ በልታው ዓይኑ አይታይም። አንድ ቀን ቢዘገዩ አያገኙትም ነበር አሉ። ነጭ ሸሚዙን ግን አላወለቀም። የሄሊኮፕተሩ ሠራተኛ ሲያወራልኝ ሳቁ እያመለጠው ነበር፤ «ከዚያ ሁሉ በኋላ ሽቶው አልለቀቀም» አለኝ። ሰደርያውስ ብዬ ጠየቅኩት። ከመቀመጫው ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ እሱ ከተጋደመበት ሥር፣ የሰው ቁመት የማይሞላ ውሃ ውስጥ። ማሰሪያውም፣ የቁስል መድኃኒቱም፣ ክኒኑም፣ መስታወቱም፣ ሁሉም ከሥሩ ነበሩ። በተሰበረ እግር ጠልቆ ሊያወጣው አልቻለም።

ነርሷ ሆስፒታል የመጣችው አንድ ጊዜ ነው። ቁስሉን እንደ ማንኛውም በሽተኛ አየችው፣ ማሰሪያውን አስተካከለችለት፣ የቤቱን ቁልፍ ኮመዲኖው ላይ አድርጋ ወጣች። ሐይቁ ዳር ያለችው ልጅ ደግሞ የሆስፒታሉ ሰዎች እሱ በሰጣቸው ቁጥር ሲደውሉላት «ምንም አብራሪ አላውቅም» አለች። ይህን የነገረችኝ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት። ለምን ለእኔ እንደምትነግረኝ ስጠይቃት «የነፍስ አድን ማዕከሉ ተጠሪ ብሎ የሰጠን የእርስዎን ስልክ ነው» አለችኝ።

ያኔ እሳት ልሼ ተነሳሁ።

እግሩ በእንጨትና በገመድ ተሰቅሎ፣ ፊቱ እብጠቱ ጎድሎ፣ ጺሙን ተላጭቶ አገኘሁት። ሲያየኝ ፈካ አለ።

«መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ።»

«አውቄ ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ ስትጠሪ የምትመጪው።» እጄን ሊይዝ ሞከረ፤ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። «ሰማሽ? ፈቃዴን ለጥቂት ወር ብቻ ነው ያገዱት። ሐኪሙ በደንብ ከያዝከው ትበራለህ ብሎኛል። በጋ ሲገባ እደርሳለሁ። እና...» ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጅ ከረሜላ ሲለምን እንደሚያደርገው፣ «ሌላ ሰደርያ ትሰፊልኛለሽ አይደል?»

አላመሰገነኝም። ምስጋናውን ፈልጌ አይደለም፤ ግን አላመሰገነኝም። ይልቅ ጣራ ጣራውን እያየ «ያንን በሰው ሁሉ ፊት ባትናገሪው ጥሩ ነበር» አለኝ። «ቤቴን አፈረስሽው።»

መጮህ ነበር ያማረኝ። ጎኑ ያለው በሽተኛ የተኛ መስሎ ጆሮውን ጥሎልናል፤ ስለዚህ አልጮህኩም። ስልኬን አወጣሁና «ደግሞ መጣ» የሚለውን ቁጥር ደወልኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ።

«በጋ ሲገባ ትበራለህ አይደል? በል፣ ከመብረርህ በፊት ሰርዘኝ። ሰደርያውን እሰፋልሃለሁ፤ ሰደርያ ለማንም እሰፋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ስትወድቅ ስልኬ አይጮህም። አልወድህም፣ ሞትህንም አልፈልግም፤ ግን በየሴቱ ደጅ እየፈለግኩህ መኖር ደከመኝ።»

ስልኩ ተነሳ። ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። ያ መጀመሪያ የደወለልኝ ትሑት ሰውዬ ነው፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል። የመሣሪያውን ቁጥር ጠየቀው፤ እደርሳለሁ ዓይን ዓይኔን እያየ ተናገረ።

«ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?»

«ተጠሪዬን ላሰርዝ ነው።»

«ይቻላል። አሁኑኑ እሰርዛቸዋለሁ። ግን ያለ ተጠሪ መመዝገብ አይቻልም፤ ምልክት ቢደርሰን የምንደውልለት ሰው ያስፈልገናል። በማን ስም ልተካቸው?»

አፉን ከፈተ። ኮመዲኖው ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። ወደ በሩ አየ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተለማመጠኝ፤ እኔ የተሰቀለ እግሩን ነበር የማየው። ይህን ሰው ስንት ዓመት ሳውቀው ቃል ሲያጥረው አይቼው አላውቅም።

«ሄሎ? ጌታዬ፣ ይሰሙኛል? በማን ስም ልተካቸው?»

እጄ ዝሎ ስለነበር ስልኩን ወደ ሌላው እጄ አዛውሬ ጆሮው ላይ ያዝኩለት።